ጠጉረ ብዙውን ውሻ ለማሳደግ ለሚያስቡ

ባለፈው ሰሞን አንድ የትምህርት ቤት ባልንጀራችን፤ በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በአንድ መሥሪያ ቤት የተቀጠረ ወጣት፤ ከሥራ በኋላ ሻይ ልንጠጣ በተቀመጥንበት ምክር ጠየቀን። ነገሩ የደመወዝ ወይም የጋብቻ መስሎን ጆሯችንን ብንሰጠው የውሻ ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። በውጭ አገር የሚኖር ዘመዱ አኪታ የተባለውን የጃፓን ውሻ ቡችላ ሊልክለት ቃል ገብቶለታል። ባልንጀራችን ይህን ውሻ የወደደው በ2009 የወጣውን የአሜሪካ ፊልም አይቶ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። ፊልሙን ሲያይ አልቅሷል፤ ማልቀሱንም አልደበቀንም። እኛም ብንሆን ዓይናችን ደረቅ ነበር ብለን አንዋሽም። ሆኖም ለሁለት ሰዓት ማልቀስና ለአሥራ ሁለት ዓመት ውሻ ማሳደር የተለያዩ ነገሮች ስለ ሆኑ፤ ምክር ከመስጠታችን በፊት ጥቂት ቀን እንዲታገሠን ለመንነው።

የፊልሙ መነሻ የሆነው ታሪክ እውነተኛ ነው። ሃቺኮ በ1923 በሰሜን ጃፓን፤ በአኪታ ክፍለ ሀገር በኦዳቴ ከተማ አካባቢ ተወለደ። በሚቀጥለው ዓመት በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ትምህርት መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ኡዌኖ ወሰዱት። ፕሮፌሰሩ በሜይ 21 ቀን 1925 በድንገት ሞቱ። ውሻው ግን እርሱ ራሱ እስከ ሞተበት እስከ ማርች 8 ቀን 1935 ድረስ፤ ወደ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፤ ወደ ሺቡያ ባቡር ጣቢያ እየተመላለሰ ጠበቃቸው። በ1934 ሐውልቱ ሲመረቅ ሃቺኮ በሕይወት ነበረና በሥፍራው ተገኝቷል። ያ ሐውልት በጦርነቱ ጊዜ ለብረቱ ሲባል ቀለጠ፤ ዛሬ ቱሪስቶች አጠገቡ ፎቶግራፍ የሚነሡት በ1948 የቆመው ነው። ይህን ሁሉ ፊልም ተመልካች በመጠኑ ያውቀዋል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን ጋዜጣ በ1932 ስለ እርሱ ከመጻፉ በፊት ሃቺኮ በጣቢያው ሰዎች ዘንድ ባለቤት እንደሌለው ውሻ ይባረር እንደ ነበረ ነው። ታማኝነቱን ያደነቀው ሕዝብ መጀመሪያ በእርግጫ ነበር የተቀበለው።

ስለ ዘሩ ያገኘነው ነገር ደግሞ ከፊልሙ የበለጠ ጠቀመን። የአኪታ አባቶች በበረዷማው ተራራ ከአዳኞች ጋር የሚወጡ፤ ድብና የዱር አሳማ የሚጋፈጡ ውሾች ነበሩ። በኋላም በኦዳቴ የውሻ ግጥሚያ ልማድ ሆነና ግዝፈት እንዲጨምሩ ከሌሎች ዘሮች ጋር ተዳቀሉ። ዘሩ ሊጠፋ መሆኑን ያዩ የአገሩ ሰዎች በ1927 በዚያችው ከተማ የመጠበቂያ ማኅበር አቋቋሙ፤ መንግሥትም በ1931 የተፈጥሮ ቅርስ ብሎ ሰየመው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምግብ ጠፍቶ፤ የውሻ ቆዳም ለሠራዊቱ ልብስ ይፈለግ ስለ ነበር፤ ጥቂት ብቻ ተረፉ። ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ወታደሮች ወደ አገራቸው ከወሰዷቸው የወረደው ዘር ተለቅ ያለ ሲሆን ወንዱ ከ45 እስከ 59 ኪሎ ይመዝናል። ይኸውም የአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት መሆኑ ነው፤ ገመዱን ይዞ የሚያንሸራሽረው ባልንጀራችን ደግሞ ቀጭን ሰው ነው።

እንግዲህ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ውሻው ልበ ደንዳና፤ እልኸኛ ነው እየተባለ ሲወራ የምንሰማው እንደ ብልግና ሆኖ ነው። ነገር ግን ድብ ፊት የቆመ ውሻ አዳኙ እስኪደርስ ድረስ መቼ እንደሚቀርብ፤ መቼ እንደሚሸሽ የሚወስነው ራሱ ነው፤ ትእዛዝ የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ በሞተ ነበር። ስለዚህ ዛሬ «ና!» ሲሉት ቆም ብሎ አይቶ፤ መምጣቱ ይጠቅም እንደ ሆነ የሚያስብ የሚመስለው ውሻ የአባቶቹን ሥራ መሥራቱ ነው። አንድን ትእዛዝ ሦስት ጊዜ ሊፈጽም ይችላል፤ በአራተኛው ፊቱን አዙሮ ይተኛል። ባለቤቱም ተናድዶ ዱላ ያነሣ እንደ ሆነ ነገሩ ይከፋል፤ የተመታ አኪታ አይለሰልስም፤ ቂም ይይዛል ወይም ይናከሳል። የሚያዋጣው ትምህርቱን አጭር ማድረግ፤ በምግብና በምስጋና ማባበል፤ አንድ ጊዜ የከለከሉትንም በሌላ ቀን አለመፍቀድ ነው። ይህ የመጨረሻው ለሰው የሚከብድ ነው። እኛ ሰኞ ከሶፋ ላይ አባርረነው እሑድ አጠገባችን የምናስተኛው ውሻ ሕጉን ሳይሆን ድካማችንን ነው የሚማረው።

ጊዜውም አይጠብቅም። ቡችላ ዓለምን የሚለምደው ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ገደማ ባለው ዕድሜው ነው። በዚያ ወራት ሕፃናትን፤ ሽማግሌዎችን፤ ባለዣንጥላን፤ የመኪና ድምፅን፤ ሌሎች ውሾችን ካላየና ካልለመደ በኋላ ማስለመዱ እጅግ አድካሚ ነው። በአገራችን ደግሞ ልማዱ የታወቀ ነው፤ ቡችላው ከመጣበት ቀን ጀምሮ በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ማታ ይለቀቃል፤ «ሰው ሳይለምድ ይደግ፤ ኃይለኛ ይሆናል» ይባላል። በትንሹ የአበሻ ውሻ ይህ ልማድ ብዙ ጉዳት ሳያመጣ ያልፍ ይሆናል። ሃምሳ ኪሎ በሚመዝን፤ ባዕድን በተፈጥሮው በሚጠራጠር ውሻ ላይ ግን አደጋው የጎረቤት ልጅ ኳሱን ፍለጋ አጥር የዘለለ ዕለት ይታያል። አየርላንድ ይህን ዘር በአደባባይ አፉ ሳይሸፈንና አጭር ገመድ ሳይያዝለት እንዳይወጣ በሕግ የከለከለችው፤ በአሜሪካም አንዳንድ ቤት አከራዮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች አንቀበልም የሚሉት ስሙን ጠልተው አይደለም። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ቡችላውን ከመግዛታቸው በፊት የኪራይ ውላቸውን ቢያነቡ ይበጃል።

ሌሎች ውሾችንም፤ በተለይ እንደ እርሱ ወንድ የሆነውን ወንዱ፤ ሴቷም ሴቷን፤ ብዙ ጊዜ አይታገሡም። ድመትና ዶሮ እንደ አደን ይታዩታል። ለበዓል ተገዝቶ በግቢው ጥግ የታሰረ ሙክት ምን እንደሚገጥመው አንባቢ ራሱ ያስበው። በሌላ በኩል ንጹሕ እንስሳ ነው፤ ራሱን እንደ ድመት ይልሳል፤ በከንቱም አይጮኽም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለውን ተረታችንን የማያከብር ውሻ ቢኖር ይኸኛው ነው። የጮኸ ቀን ግን ተነሥቶ ማየት ነው።

ስለ ጠጉሩ ሳንናገር አናልፍም። አኪታ ድርብ ካባ የለበሰ ነው ማለት ይቻላል፤ ከላይ ሻካራና ቀጥ ያለ ጠጉር፤ ከሥር እንደ ጥጥ የለሰለሰና የታፈገ ጠጉር አለው። በዓመት ሁለት ጊዜ የሥሩ ጠጉር በእጅ እየተዘገነ ይረግፋል። በእነዚህ ሳምንታት ባለቤቱ በየቀኑ ሊቦርሸው ይገባል፤ አለዚያ ጠጉሩ ምንጣፍ ላይ፤ ወጥ ላይ፤ ለስብሰባ በተተኮሰው ጥቁር ሱሪ ላይ ይገኛል። አንዳንድ ሰው ለበጎ ብሎ በሙቀት ጊዜ ይላጨዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። የላይኛው ጠጉር ከብርድ ብቻ ሳይሆን ከፀሐይም ይጋርደዋል፤ አንድ ጊዜ ከተላጨም እንደ ቀድሞው ላይበቅል ይችላል። ደግሞም ውሻ እንደ እኛ በመላ አካላቱ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በአብዛኛው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። የወፈረው ጠጉር ሌላም ተንኰል አለው፤ ክሳትን፤ ቁስልን፤ መዥገርን ይሸፍናል። በዓይን ያማረ ውሻ በእጅ ሲዳሰስ የጎድን አጥንቱ ሊቈጠር ይችላልና በየሳምንቱ ገላውን መዳሰስ ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም በጊዜው ሊሰጠው ይገባል፤ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለበትም ለቤተ ሰቡ ሁሉ ሊነገር ይገባል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ብርዷ ለዚህ ውሻ የሚስማማ ነው። ነገር ግን ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ሁልጊዜ በአዲስ አበባ አይኖርም። ዝውውሩ ወደ ድሬ ዳዋ ወይም ወደ ሰመራ ቢሆንስ? ይህ ጥያቄ ከጠጉሩም ከእልኹም ይልቅ ከባድ ሆኖ ታየን። አኪታ ከአሥር እስከ አሥራ ሦስት ዓመት ይኖራል። የሃያ አራት ዓመቱ ባልንጀራችን ውሻው ሲያረጅ ሠላሳ ስድስት ሊሞላው ነው፤ በዚህ መካከል ሁለት ሦስት ጊዜ ይዛወራል፤ ለትምህርት ውጭ አገር ይሄዳል፤ ያገባል፤ ይወልዳል። ያ ውሻ ደግሞ ከጌታ ወደ ጌታ በቀላሉ የሚሸጋገር አይደለም። ሰውን ሁሉ ያስለቀሰው የሃቺኮ ጠባይ፤ በወንድምና በጎረቤት እጅ አደራ ለሚሰጥ ውሻ መከራ ነው።

ያገኘነውን ይህን ሁሉ ለባልንጀራችን በቃል ነገርነው። ስለ ጠጉሩ ስንነግረው ሳቀ፤ ስለ ክብደቱ ስንነግረው ክንዱን አየ። ዝም ብሎ ከቈየ በኋላ «ለመስክ ሥራ አርባ ቀን ስወጣ ማን ይይዝልኛል? እማዬ እንደ ሆነች ዶሮዎቿን ትወዳለች» አለ። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ለዘመዱ የሚልከው መልእክት በስልኩ ውስጥ ግማሹ ተጽፎ እንዳለ ነው፤ ይህን እስከ ጻፍንበት ቀን ድረስም አልላከውም።