ሱቁ እስከ ስንት ሰዓት ይከፈት? የአዲስ አበባ ደንብና የሶዶ ምሽት

ሶዶ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ወጣ ብሎ ያየ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ከዳሞታ በኩል የሚወርደው ብርድ ጃኬት ያስለብሳል። የልብስና የጫማ ሱቆች፣ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫዎች፣ ጅምላ አከፋፋዮች በራቸውን ዘግተዋል። ክፍት ሆነው የሚቆዩት ካፌና ሆቴሎች፣ አንዳንድ መድኃኒት ቤቶች፣ እንዲሁም ዳቦ፣ ሻማና የሞባይል ካርድ የማያጡት የሰፈር ሱቆች ናቸው። እንዲህ ዝጉ ብሎ ያዘዛቸው የለም። ደንበኛው ቤቱ ሲገባ ባለሱቁም ይገባል፣ ነገሩ ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ግን ይህን ለገበያው አልተወችውም። የከተማ አስተዳደሩ በ2017 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ በዋና ዋና መንገዶችና የኮሪደር ልማት በደረሰባቸው አካባቢዎች ያሉ የንግድ ተቋማት እስከ ምሽቱ 3:30 ክፍት ሆነው እንዲያገለግሉ ግዴታ ጣለ። ቀድሞ የዘጋ ይቀጣል። ሐሳቡ ገብቶኛል፦ መንገዱ ተሠርቷል፣ መብራቱ ተተክሏል፣ ሰው በእግሩ መሄድ ጀምሯል፣ ታዲያ ሱቁ ለምን ጨለማ ይሆናል? የምሽት ኢኮኖሚ የሚባለው ነገር ለከተማ ሥራና ገቢ ያመጣል።

ስለ አዲስ አበባ ሕግ እኛ ምን አገባን የሚል አይጠፋም። ያገባናል። ሶዶ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ናት። ኮሪደር ልማቱ ራሱ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ነው ወደ ክልል ከተሞች፣ ወደ እኛም፣ የመጣው። መንገዱን ተከትሎ ደንቡም ቢመጣ አይገርመኝም። ከመምጣቱ በፊት ብንነጋገርበት ይሻላል፤ ከወጣ በኋላማ የሚቀረን ቅጣቱን መክፈል ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በሉ። በሌላው ዓለም የሱቅ ሰዓት ሕግ ሲባል በአብዛኛው «ዝጋ» የሚል ሕግ ነው። ጀርመን በ1956 (በፈረንጆቹ) ባወጣችው ሕግ ሱቆች በሥራ ቀናት ማታ 12:30 ላይ፣ ቅዳሜ ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንዲዘጉ አድርጋ ነበር፤ ዋናው ዓላማ የሱቅ ሠራተኛው እንዲያርፍ ነው። ለማላላት አርባ ዓመት ፈጀባቸው። ከ2006 ወዲህ ደግሞ ሥልጣኑን ለክልሎቻቸው ስለሰጡ በርሊንና ባቫሪያ የተለያየ ሰዓት አላቸው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ በ1994ቱ ሕግ እሁድ ከስድስት ሰዓት በላይ መክፈት የማይችሉት ከ280 ካሬ ሜትር በላይ የሆኑ ትልልቅ መደብሮች ናቸው፤ የሰፈር ሱቅን ሕጉ አይነካውም። የእኛው ግን «ክፈት» የሚል ነው። በአቅጣጫ ተቃራኒ ቢሆንም ጥያቄው አንድ ነው፦ ያን ተጨማሪ ሰዓት ቆሞ የሚያሳልፈው ማነው?

ባለሱቁ አይደለም። ተቀጣሪዋ ናት።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ጠዋት 2:30 ተከፍቶ ማታ 3:30 የሚዘጋ ሱቅ በቀን 13 ሰዓት ይሠራል። የምሳ አንድ ሰዓት ብንቀንስ እንኳ 12፣ በሳምንት ስድስት ቀን 72 ሰዓት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ላይ ገድቦታል። የትርፍ ሰዓት ሥራም በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ሁለቱ ሲደመሩ 60። ስለዚህ አንዲት ሠራተኛ ብቻዋን የምትይዘው ሱቅ ደንቡን ካከበረ አዋጁን በየሳምንቱ በ12 ሰዓት ይጥሳል። መፍትሔው ሁለተኛ ሠራተኛ ቀጥሮ በፈረቃ ማሠራት ነው፤ የደንቡ ደጋፊዎችም «ሥራ ይፈጥራል» የሚሉት ለዚህ ነው። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ሱቅ ሁለት ደመወዝ ይሸከማል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አላየሁም።

ትርፍ ሰዓቱስ ይከፈላል? በአዋጁ እስከ ማታ 4 ሰዓት ድረስ ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ከ4 ሰዓት ወዲያ ወደ 1.75 ያድጋል። (3:30 ላይ መዝጋት ለአሠሪው እንዴት እንደሚመች አያችሁ? በግማሽ ሰዓት ያመልጣል።) እንበልና በወር 4,160 ብር የምታገኝ ልጅ አለች። በወር 208 መደበኛ ሰዓት ብናስብ ሰዓቷ 20 ብር ነው፣ ትርፉ 30። የተፈቀደውን 12 ሰዓት ሙሉ ብትሠራ በሳምንት 360 ብር ይገባታል። አሁን ሱቅ የምትሠራ እህት ወይም ጓደኛ ካላችሁ ዛሬውኑ ጠይቋት፤ በትርፍ ሰዓት ስም አንድ ብር ተቀብላ ታውቃለች? እኔ የጠየቅኳቸው ሳቁብኝ። አብዛኞቹ የጽሑፍ ውል የላቸውም፤ ብዙዎቹ የባለሱቁ የአጎት ልጅ ወይም ከገጠር የመጣ ዘመድ ናቸው። ዘመድ ደግሞ ሰዓት አይቆጥርም ይባላል። የሚቆጥርለት ሲጠፋ ነው እንጂ!

የማታ ትምህርትን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ወላይታ በአገሪቱ ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ ከሰፈረባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። መሬቱ ለወንድማማች አልበቃ ሲል ልጆች ወይ አዲስ አበባ ሄደው ሊስትሮ ይጠርጋሉ፣ ወይ ሶዶ፣ አረካና ቦዲቲ ገብተው ሱቅ ይቀጠራሉ። ከእነዚህ መካከል ቀን ሠርተው ማታ የሚማሩ አሉ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ «ጋሼ፣ ልሂድ» ብለው የሚወጡት። ባለሱቁ እስከ 3:30 የመክፈት ግዴታ ካለበት «ጋሼ» ምን ብሎ ይለቃቸዋል? ደግ ሰው ቢሆን እንኳ ቅጣቱን ይፈራል። ወይ ይማራሉ ወይ ይሠራሉ ማለት ነው፤ ሁለቱንም የሚችሉበት ሰዓት ተወሰደ። ወጣት ሠራተኞችማ፣ ማለትም ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉት፣ በአዋጁ መሠረት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ መሥራት የለባቸውም፣ ትርፍ ሰዓትም ጭራሽ የተከለከለ ነው። ሶዶ ሱቆች ውስጥ ስንት ናቸው? ስትገበዩ ዓይናችሁን ብቻ ከፍታችሁ እዩ።

ወደ ባለሱቁ እንምጣ፤ እሱም ቢሆን የተመቸው አይደለም። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዕቃ የሚያመጣበት ዋጋ ንሯል። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ ጄኔሬተሩ ደግሞ ነዳጅ። ገዢውስ ማነው? የሶዶ ገበያ የሚቆመው በገጠሩ ምርትና በመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ነው። በ2016 ዓ.ም. የዞኑ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ዘገየብን ብለው ሲጮኹ የከተማውም ሱቆች አብረው ነው የቀዘቀዙት። ኪሱ ባዶ የሆነ መምህር ሱቁ እስከ እኩለ ሌሊት ቢከፈትለትም በመስታወት አይቶ ያልፋል።

ይህን ሁሉ ስል ምሽት አይሠራ እያልኩ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው አካባቢና መናኸሪያው ዙሪያ ማታ ገዢ አለ፤ ከአርባ ምንጭ፣ ከሆሳዕና፣ ከሐዋሳ መስመር አምሽቶ የሚገባ መንገደኛ አለ። እዚያ መክፈት የሚፈልግ ነጋዴ የሚያስፈልገው ትእዛዝ አይደለም። የመንገድ መብራት፣ የሚዞር ፖሊስ፣ ደንበኛና ሠራተኛ ወደ ቤት የሚያደርስ ባጃጅ ነው። አዲስ አበባ ከሱቁ ጎን ለጎን ትራንስፖርቱም እንዲያመሽ ማዘዟ በዚህ በኩል ትክክል ነበር። ባሕር ዳርን ጨምሮ በአገራችን ከተሞች ባጃጅ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ እንዳይንቀሳቀስ በጸጥታ ምክንያት ሲታገድ አይተናል። በአንድ እጅ ባጃጁን እያስቆሙ በሌላው ሱቁን «ክፈት» ማለት አይሄድም። 3:30 ላይ ዘግታ በእግሯ ወደ ቤቷ የምትሄደው ያቺው 4,160 ብር የምናስከፍላት ልጅ ናት።

ሕጉን በተመለከተ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የመሰማራት መብት ይሰጠዋል፤ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 42 ደግሞ ለሠራተኛው በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓትና ዕረፍት። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ሳነባቸው የሱቅ ሰዓት ደንብ ከባለፈቃዱ በፊት ሠራተኛውን ማየት ያለበት ይመስለኛል።

ደግሞ እናንተ ስልክ ላይ ናችሁ፤ ይህን ጽሑፍ የምታነቡትም በስልክ ነው። ጫማና ልብስ በቴሌግራም ቻናል የሚሸጡ የሶዶ ልጆችን ታውቋቸዋላችሁ። ማታ 5 ሰዓት ላይ «ቁጥር 42 አለ?» ትላላችሁ፣ «አለ» ይላሉ፣ በቴሌብር ትልካላችሁ፣ ጠዋት ይደርሳችኋል። ይህ ሱቅ በር የለውም፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ አያሽገውም። ኪራይ፣ ግብርና የንግድ ፈቃድ የሚከፍለው ባለሱቅ ግን ከዚህ ልጅ ጋር እየተወዳደረ በግድ መብራት አብርቶ ይቀመጣል። ልጁን ይቆጣጠሩት አላልኩም፤ እንዲያውም ምሽቱ ገበያ በራሱ መንገድ እየተፈጠረ መሆኑን የሚያሳየን እሱ ነው።

ስለዚህ ሶዶ ላይ ደንብ የግድ ይውጣ ከተባለ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ማምሸት ፈቃድ እንጂ ግዴታ አይሁን። አነስተኛ ሱቆች ጭራሽ ከደንቡ ውጪ ይሁኑ። ትልልቆቹ በስምምነት የሚያመሹ ከሆነ ደግሞ ተቆጣጣሪው ሰዓቱን ብቻ አይቶ አይመለስ፤ የፈረቃውን ዝርዝርና የትርፍ ሰዓት ክፍያውን ይጠይቅ። ለመሞከር ከፈለጉም ጥሩ ጊዜ አለ፤ ከጊፋታ በፊት ያሉት ሁለት ሳምንታት። ያኔ ሰው ሲያጠራቅም የከረመውን ብር ይዞ ለቅቤው፣ ለልብሱ፣ ለልጆች ጫማ ይወጣል፤ ማታም ቢሆን ገበያ አይጠፋም። ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ያለው መንገድ መብራት ይደረግለት፣ ባጃጅ እስከ 4 ሰዓት ይሥራ፣ መክፈት የፈለገ ይክፈት። ከዚያ ስንቱ ከፈተ፣ ስንቱስ ሸጠ ብሎ መቁጠር ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ከባድ ሥራ አይደለም።