የቤት አድልዎ ሕግ በአሜሪካ፦ ለተከራይም ለአከራይም

“ቤቱ ተይዟል” የምትለው አጭር መልስ በዩናይትድ ስቴትስ የቤት ኪራይ ገበያ ሁለት ትርጉም ሊኖራት ይችላል። አንዳንዴ እውነት ናት፤ አንዳንዴ ደግሞ የደዋዩ አነጋገር፣ የስሙ አጠራር ወይም የልጆቹ ብዛት ያስከተለው እምቢታ መሸፈኛ ናት። ሁለተኛው ዓይነት እምቢታ በሕግ ከተከለከለ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። የፌዴራሉ መንግሥት ሕጉን የሚያስፈጽምበት መንገድ እየተለወጠ ባለበት በአሁኑ ወቅት፣ መብቱ በምን ላይ እንደቆመ ማወቅ ቤት ለሚፈልገውም ቤት ለሚያከራየውም አስፈላጊ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የሕጉ መነሻ

በ1930ዎቹ አንድ የመንግሥት የቤት ብድር ተቋም የከተሞችን ሰፈሮች በቀለም ለይቶ ካርታ አዘጋጅቶ ነበር። ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች በአብዛኛው “ለብድር አደገኛ” ተብለው ቀይ ተቀቡ። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል የቤቶች አስተዳደርም በእነዚያ ሰፈሮች ለሚሰጥ ብድር ዋስትና ከመስጠት ይቆጠብ ነበር። በብዙ የቤት ሰነዶች ላይ ደግሞ ቤቱ ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚያግድ ውል ይሰፍር ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል ሊያስፈጽሙ እንደማይችሉ ቢወስንም ልማዱ ግን አልቆመም።

ሚያዝያ 4 ቀን 1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደሉ። ከሳምንት በኋላ፣ ሚያዝያ 11 ቀን፣ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግን ፈረሙ። ሕጉ በመጀመሪያ በዘር፣ በቆዳ ቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር ላይ የተመሠረተ አድልዎን ከለከለ። በ1974 ጾታ፣ በ1988 ደግሞ የአካል ጉዳትና ልጆች ያሉት ቤተሰብ መሆን ተጨመሩበት።

ክልከላው ቤት በመንፈግ ላይ ብቻ አይወሰንም። ለአንዱ ከሌላው የከበደ የኪራይ ውል ማቅረብ፣ ክፍት የሆነውን ቤት ተይዟል ማለት፣ ገዢን በዘሩ ወይም በትውልድ አገሩ ምክንያት ወደ አንድ ሰፈር መምራት፣ የቤቱን ግምት ዝቅ ማድረግ፣ አቤቱታ ያቀረበን ሰው መበቀል፣ ሁሉም በሕጉ የተከለከሉ ናቸው። ስለዚህም “ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር የት ነው?” ተብሎ የተጠየቀ የቤት ሽያጭ ወኪል መልስ ከመስጠት ቢቆጠብ ትሕትና ጎድሎት አይደለም፤ ሕጉን አክብሮ ነው።

ብድርን በተመለከተ በ1974 የወጣው የእኩል ብድር ዕድል ሕግ ተጨማሪ ጥበቃ ይሰጣል። አበዳሪው የተሟላ ማመልከቻ በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔውን ማሳወቅ አለበት። የተከለከለው አመልካችም የተከለከለበትን ዝርዝር ምክንያት የማወቅ መብት አለው። “መመዘኛውን አላሟሉም” የሚል ጥቅል መልስ በቂ አይደለም።

ሕጉ የማይሸፍነው

እምቢታ ሁሉ አድልዎ አይደለም። አከራይ የገቢ ማስረጃ፣ የብድር ታሪክና የቀድሞ አከራይ ምስክርነት ሊጠይቅ ይችላል፤ ሁሉንም አመልካች በአንድ ሚዛን እስከመዘነ ድረስ። አዲስ ለመጣ ስደተኛ ይህ ከባድ ነው፤ የብድር ታሪክ በአንድ ጀምበር አይገነባም። ሕጉን የሚጥሰው ግን መስፈርቱ ራሱ ሳይሆን ለአንዱ ጠብቆ ለሌላው መላላቱ ነው።

የኢሚግሬሽን ሁኔታ በፌዴራሉ ሕግ በስም አልተዘረዘረም። ሆኖም ሕጉ የሚጠብቀው ዜጎችን ብቻ አይደለም፤ ማንኛውም ሰው በትውልድ አገሩ ምክንያት ቢገፋ ሊከስ ይችላል። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ከዚህ አልፈው ሄደዋል። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ አከራዮች የተከራይን የኢሚግሬሽን ሁኔታ እንዳይጠይቁ ትከለክላለች። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ደግሞ የመንግሥት የኪራይ ድጎማ የያዘን ሰው በዚሁ ምክንያት ብቻ መመለስ የተከለከለ ነው፤ ቨርጂኒያ ጥቂት ቤቶች ብቻ ያሏቸውን አከራዮች ከዚህ ነፃ ብታደርግም።

አከራዩ ሐበሻ ሲሆን

ስለ አድልዎ ስንነጋገር ራሳችንን በተበዳይ ወገን ብቻ እናያለን። ዛሬ ግን ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የቤት ባለቤቶች ሆነው ቤዝመንታቸውን ያከራያሉ። ማስታወቂያውም በሱቅ ግድግዳ ወይም በቴሌግራም ላይ “ለሐበሻ ብቻ” ተብሎ ይወጣል። የጸሐፊው ሐሳብ ብዙውን ጊዜ ክፋት የለበትም፤ በቋንቋ የሚግባባውንና የቤቱን ወግ የሚያውቅ ሰው መፈለግ ነው።

ሕጉ ለዚህ የተወሰነ ቦታ ይተዋል። ባለቤቱ ራሱ በሚኖርበትና ከአራት የማይበልጡ መኖሪያዎች ባሉት ሕንፃ ውስጥ ተከራይ ሲመርጥ ብዙዎቹ የፌዴራሉ ሕግ ድንጋጌዎች አይመለከቱትም። ነገር ግን ይህ ነፃነት ማስታወቂያን አይጨምርም። አንድን ዘር፣ ሃይማኖት ወይም ትውልድ አገር የሚያስቀድም ማስታወቂያ ለዚህ ባለቤትም ክልክል ነው፤ በአማርኛ መጻፉም ከተጠያቂነት አያድነውም። ማዕድ ቤትና መታጠቢያ ቤት የሚጋራ ደባል መፈለግ ግን የተለየ ጉዳይ ነው። በምዕራብ ያሉ ክፍለ ግዛቶችን የሚዳኘው ዘጠነኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2012 ሕጉ የደባል ምርጫን እንደማይመለከት ወስኗል።

ከዚህ በተጨማሪ በ1866 የወጣ አሮጌ ሕግ አለ። በዘር ላይ የተመሠረተ የቤት አድልዎን ያለ ምንም ልዩነት ይከለክላል። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚገኝ አንድ ምኩራብ ባቀረበው ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 የዚህን ሕግ ጥበቃ በዘር ሐረጋቸው ለሚጠቁ ማኅበረሰቦችም አስፍቶታል። ስለዚህ የአገር ቤቱን ክፍፍል ይዞ “የየትኛው ብሔር ተወላጅ ነህ?” ብሎ ተከራይን መለየት ከሥነ ምግባር ጥያቄነት አልፎ የሕግ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል።

ሕጉ አለ፤ አስፈጻሚውስ?

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 በ5 ለ4 ድምፅ አንድ መመሪያ የአድልዎ ሐሳብ ባይኖርበትም ውጤቱ አንድን ወገን ያለ በቂ ምክንያት የሚጎዳ ከሆነ በሕጉ ሊያስጠይቅ እንደሚችል ወስኗል። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ግን ሚያዝያ 23 ቀን 2025 በፈረሙት ትዕዛዝ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በዚህ መንገድ የሚካሄደውን ክትትል ወደ ኋላ እንዲተዉ አዘዋል። የትዕዛዙ ደጋፊዎች አሠራሩ ተቋማትን ዘር እንዲቆጥሩ ያስገድዳል ይላሉ። ተቺዎቹ በበኩላቸው ዛሬ አድሏዊ ሐሳቡን በግልጽ የሚናገር አከራይ ስለሌለ ውጤቱን ሳይመረምሩ አድልዎን ማረጋገጥ ያዳግታል ባይ ናቸው። በዚያው ዓመት የቤቶችና የከተማ ልማት ሚኒስቴር አድልዎን ለሚከታተሉ በርካታ ድርጅቶች የሚሰጠውን ገንዘብ በማቋረጡ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ተከራይ መስለው ቤት በመጠየቅ የአከራዮችን አያያዝ የሚያነጻጽሩት እንዲህ ያሉት ድርጅቶች ናቸው።

ይህ ማለት ግን ሕጉ ተሽሯል ማለት አይደለም። ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ ፕሬዚዳንታዊ ትዕዛዝ አይሽረውም። በደል ደረሰብኝ የሚል ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ለሚኒስቴሩ በነፃ ማመልከት፣ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ በቀጥታ ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል። የክፍለ ግዛቶችና የከተሞች የሰብዓዊ መብት ቢሮዎችም በራሳቸው ሕግ ይሠራሉ፤ የማመልከቻ ጊዜያቸው ግን ሊያጥር ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

የፌዴራሉ ክትትል በሳሳ ቁጥር የማስረጃው ሸክም ወደ ተበዳዩ ትከሻ ይወርዳል። ማስታወቂያውን ፎቶ ማንሳት፣ የጽሑፍ መልእክቱን አለማጥፋት፣ የተባለውን ከነቀኑና ከነሰዓቱ መመዝገብ ቀላል ነገር ይመስላል። “ቤቱ ተይዟል” የተባለው ሰው ያው ቤት በማግስቱ ዳግም ለኪራይ ወጥቶ ሲያገኘው ግን፣ ያቺ ማስታወሻ ቅሬታውን ወደ ክስ ልትለውጠው ትችላለች።