ፋብሪካና የባለእጅ ክብር

ባለፈው ወር መምህራችን፣ «ትምህርታችሁን ስትጨርሱ ምን ለመሆን ታስባላችሁ?» ብለው ጠየቁን። አንዱ ሐኪም፣ ሌላው ጠበቃ፣ አብዛኞቻችን ደግሞ የቢሮ ሠራተኛ እንሆናለን አልን። «ፋብሪካ እገባለሁ» ያለ ግን አልተገኘም። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ ስላሳፈረኝ ይህን ጻፍኩ።

አያቴ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ሠርተው ነው። ፋብሪካው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1961 ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ ተቋቋመ። በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1964 ደግሞ የጢስ ዓባይ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። እንግዲህ ነገሩን ልብ እንበል። የፈትል መኪና ያለ ኃይል አይዞርም፤ ኃይሉን ዓባይ ሰጠ። መኪናውም ያለ ዐዋቂ አይጠገንም፤ ዐዋቂውን ትምህርት ቤት ያወጣል። አንድ ፋብሪካ ብቻውን አይቆምም፤ ገበሬውን፣ ነጋዴውንና ተማሪውን ያስተሳስራል።

ጥጡን ሸጦ ልብሱን መልሶ የሚገዛ አገር የፈታዩን፣ የሸማኔውንና የሰፊውን እንጀራ ለባዕድ ይሰጣል። ትንሿ የሞሪሺየስ ደሴት ኑሮዋ በሸንኮራ አገዳ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ነበር። በ1970 ለውጪ ገበያ የሚያመርቱ ፋብሪካዎችን የሚያበረታታ ሕግ አወጣች፤ ከዚያም ክርና ጨርቅ ከውጪ እያስገባች፣ ልብስ ሰፍታ በመሸጥ ለብዙ ሺህ ሰዎች፣ ይልቁንም ለሴቶች፣ ሥራ አስገኘች። እኛ ግን ጥጡ በመተማ ይበቅልልናል።

«ፋብሪካ ውሃችንን ያበላሻል» የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው እውነት ነው፤ ፍሳሹ ሳይጣራ ጣናና ዓባይ ሊገባ አይገባም። ነገር ግን ማጣሪያውን የሚሠራውም ያው ባለሙያ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የገንዘብ እጥረት ብቻ አይመስለኝም፤ የአስተሳሰባችን ጉድለት ነው። አፄ ምኒልክ ባለእጅን የሚሰድብ እንዳይኖር በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከለከሉ። ይሁን እንጂ ዛሬም በጣና ዳር ደንገል አስሮ ታንኳ የሚሠራውን እየናቅን በታንኳው እንሻገራለን። አባቴም፣ «ያስተማርኩህ እጅህ ዘይት እንዲነካ አይደለም» ይሉኛል። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እሳቸውን ያስተማረው ዘይት የነካ የአያቴ እጅ መሆኑን ላስታውሳቸው እወዳለሁ።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ ሙያ ልማር ሲል እንደ ወደቀ አትቁጠሩት። እኔ በበኩሌ መምህራችን ዳግመኛ ቢጠይቁኝ ዝም አልልም፤ «የፋብሪካ መካኒክ እሆናለሁ» እላለሁ።