በወርቅ የተለበጠው ገመድና የመሪጌታው ካሴት

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ቢሮዬን አንኳኩቶ ገባ። አገሩ ጋይንት ነው። በእጁ በፌስታል የተጠቀለሉ አሥራ አንድ ካሴቶች ይዞ ነበር። በካሴቶቹ ላይ ያለው ድምፅ የአያቱ ነው፤ እርሳቸውም በቤተልሔም ድጓ የተማሩ፣ ኋላም በደብራቸው ለብዙ ዘመን ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ መሪጌታ ነበሩ። ዛሬ በሕይወት የሉም።

«ዶክተር፣ ወደ ኮምፒውተር ልገለብጣቸው አስቤ ነበር» አለኝ። «የድምፅ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ግን ተራ ገመድ ድምፁን ይበላዋል፣ በወርቅ የተለበጠውን ግዛ አለኝ። ምን ይመክሩኛል?»

የገመዱ ዋጋ ከልጁ የሁለት ወር የኪስ ገንዘብ ይበልጣል። ይህ ተማሪ የኦምን ሕግ ያውቃል፤ በፈተናም ጥሩ ውጤት አምጥቶበታል። ነገር ግን ሕጉን ከጥቁር ሰሌዳው አውርዶ ወደ ሱቁ ይዞት እንዲሄድ ያስተማረው ሰው አልነበረም። ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን እኔን ጨምሮ የመምህራኑ ይመስለኛል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከስሌቱ እንጀምር። ከቴፕ ሪከርደር ወደ አምፕሊፋየር ወይም ወደ ኮምፒውተር የሚሄደው ገመድ የሚሸከመው እጅግ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ነው። የሰጪው መሣሪያ ውስጣዊ ሬዚስታንስ 1,000 ኦም፣ የተቀባዩ ደግሞ 10,000 ኦም ነው እንበል። የአንድ ሜትር ተኩል ተራ የመዳብ ገመድ ሬዚስታንስ ደርሶ መልሱ ተደምሮ ግማሽ ኦም እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ገመዱ «የሚበላው» ድምፅ ከመቶ ሺህ አምስት እጅ አይደርስም ማለት ነው። ብር ከመዳብ ይልቅ በስድስት በመቶ ያህል የተሻለ አስተላላፊ ነው፤ ግን ከዚህች ኢምንት ላይ ስድስት በመቶ ቢቀነስ ማን ያስተውለዋል? ወርቅማ ከመዳብ ያነሰ አስተላላፊ ነው! የወርቅ ጥቅሙ አለመዛጉ ብቻ ነው። እንደ ደብረ ታቦር ባለ ክረምቱ እርጥብ በሆነ አገር ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ሆኖም የገመዱ ጫፍ ቢደበዝዝ በንጹሕ ጨርቅ መወልወል ይበቃዋል።

ሻጮች ካፓሲታንስንም ያነሣሉ። ልክ ናቸው፣ ማንኛውም ገመድ ካፓሲታንስ አለው፤ የተለመደው በሜትር ወደ 100 ፒኮፋራድ ይጠጋል። ከላይ ካለው የ1,000 ኦም ሰጪ ጋር አንድ ሜትር ተኩሉን ብናሰላ ገመዱ ድምፅ መቀነስ የሚጀምረው በአንድ ሚሊዮን ኸርዝ አካባቢ ነው። የወጣት ጆሮ ወሰን 20,000 ኸርዝ ነው፤ የእኔ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ጆሮማ ከዚያ በብዙ ያንሳል።

ገመድ ሁሉ አንድ ነው ማለቴ ግን አይደለም። የሸክላ ማጫወቻ መርፌ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነና ጥቅልሉም ከገመዱ ካፓሲታንስ ጋር ተጣምሮ ስለሚርገበገብ፣ የገመዱ ዓይነትና ርዝመት በጆሮ ይለያል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ማንም የማይጠይቅበት የስፒከር ገመድ ነው። በየሠርጉ ድንኳን የሚዘረጋውን ቀጭን ሽቦ አስቡት። ውፍረቱ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 20 ሜትር ቢሆን ሬዚስታንሱ በደርሶ መልስ 1.4 ኦም ያህል ይሆናል፤ ባለ 4 ኦም ስፒከር ላይ ሲቀጠል ከአምፕሊፋየሩ ኃይል ሩብ ያህሉ ሽቦውን በማሞቅ ያልቃል። ለቤት ሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ካሬ ሽቦ ብክነቱን ወደ ስድስት በመቶ ያወርደዋል። ወርቅም ብርም አላስፈለገውም፤ ውፍረት ብቻ!

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። በውጭ አገር ለዶክትሬት ስማር ሳለሁ ከተማሪ አበሌ ቆጥቤ ውድ ገመድ ገዝቻለሁ። ገዝቼም ልዩነቱን ሰምቻለሁ፤ ማሲንቆው ይበልጥ ቀርቦኝ፣ የአዝማሪው ትንፋሽ ሳይቀር ተሰምቶኝ ነበር። የቤት ተጋሪዬ ግን አላመነኝም። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እርሱ ሳንቲም እየወረወረ ገመዱን ይቀያይር ጀመር። ከአሥራ ሁለት ሙከራ ሰባቱን አገኘሁ። ይህን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ማግኘት በግምት ብቻ ለሚመልስ ሰው እንኳ ከመቶ 39 ጊዜ ያህል ይደርሰዋል። አሥርና ከዚያ በላይ ባገኝ ኖሮ ዕድሉ ከመቶ ሁለት ስለማይሞላ ክርክሩ ይቀጥል ነበር። ገመዱ አሁንም ቤቴ አለ፤ መልካም ገመድ ነው፣ ይሠራል።

ስለዚህ «ልዩነቱ ይሰማኛል» የሚለውን ባልደረባዬን ውሸታም አልለውም። የሰው ጆሮ ከዓይኑና ከኪሱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ድምፅ በጥቂቱ እንኳ ከፍ ሲል «ጠራ» ይለናል። አሜሪካዊው ጄምስ ራንዲ እ.ኤ.አ. በ2007 ውድ የስፒከር ገመድን ከተራው በጆሮው ብቻ ለሚለይ ሰው የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አቅርቦ ነበር፤ ፈተናው ሳይካሄድ ስለቀረ እንደ ማስረጃ አልቆጥረውም። ሳንቲምና ታጋሽ ጓደኛ ያለው ሰው ግን ያለ ሚሊዮን ዶላርም መሞከር ይችላል።

ወደ ካሴቶቹ እንመለስ። ልጁን ይዤው ወደ ቤተ ሙከራ ሄድን። ተራ ገመድ ቀጥለን የመጀመሪያውን ካሴት ስንከፍት የመሪጌታው ድምፅ በብርድ ልብስ ውስጥ ያለ ይመስል ነበር። «ይኸው፣ ገመዱ ነው» አለኝ ተማሪው። በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም እንዲሁ እል ነበር።

የካሴት ክር የሚጓዘው በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለሆነም የ10,000 ኸርዝ ድምፅ በክሩ ላይ ያለው የሞገድ ርዝመት አምስት ማይክሮ ሜትር አይሞላም። ድምፁን የሚያነበው ሄድ ከክሩ ጋር ካለው ቀጤ ነክ አቋም በአንድ አሥረኛ ዲግሪ ቢያዘነብል፣ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው የሞኖ ትራክ የላይኛው ጠርዝና የታችኛው ጠርዝ የሚያነቡት የተለያየ የሞገዱን ክፍል ይሆናል፤ እርስ በርሳቸውም ይጣፋሉ። የዚያ ድምፅ መጠን ወደ 57 በመቶ ይወርዳል። ዝንባሌው ሁለት አሥረኛ ዲግሪ ከደረሰ ደግሞ ከናካቴው ጠፋ ማለት ይቻላል። ይህን ከገመዱ «ከመቶ ሺህ አምስት እጅ» ጋር አነጻጽሩት።

ሄዱን በጥጥና በአልኮል ጠረግነው፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ከዚያም ተማሪው በትንሿ ካቻቪቴ ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ብሎን በጣም በዝግታ አዞራት። ሩብ ዙር እንኳ ሳይሞላ «ሰ» እና «ጸ» ከብርድ ልብሱ ውስጥ ወጡ። ልጁ እጁን ከካቻቪቴው ላይ ሳያነሣ ዝም ብሎ ቆየ፤ እኔም ዝም አልኩ። የቀረው የማያቋርጥ «እምም» የሚል የ50 ኸርዝ ድምፅ ነበር፤ እርሱም የላፕቶፑ ቻርጀር ተነቅሎ በባትሪ ብቻ ሲሠራ ጠፋ።

ገንዘብ ማውጣት ግድ ከሆነ ወደ ገመድ ሳይሆን ወደ ሳውንድ ካርድ ይሂድ። የብዙዎቹ ላፕቶፖች መግቢያ ለማይክሮፎን የተሠራ በመሆኑ የቴፕ ድምፅ ሲገባበት ይሰነጣጠቃል። ፋኩልቲያችንም አንድ ጤነኛ የካሴት ማጫወቻና አንድ ሳውንድ ካርድ በቤተ ሙከራው ቢያስቀምጥ፣ ለማንኛውም ካሴት ይዞ ለሚመጣ ተማሪ ክፍት ቢያደርገው፣ በጀቱን አያናጋም። ከጋይንት እስከ ፎገራ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የሚገኙት ካሴቶች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ የሚያጫውቷቸው መሣሪያዎችም በየዓመቱ ወደ ቁራሌው እየሄዱ ነው።

ከአሥራ አንዱ ካሴቶች ዘጠኙን ገልብጠናል። አንደኛው ሻጋታ በልቶታል። በሌላኛው ላይ ደግሞ መሪጌታው ማዜም ከጀመሩ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ድምፃቸው ይቆረጥና የሬዲዮ ዜና ይገባል፤ ከቤተሰቡ አንዱ ሳያውቅ ቀድቶበት ይሆናል። ተማሪው ለዕረፍት አገሩ ሲገባ የዚያው ካሴት ቅጂ በአያቱ ደቀ መዛሙርት ቤት እንዳለ ሊጠይቅ ሄዷል። ካቻቪቴዋን አውሼዋለሁ።