ስለ ምግብ የሚመክር ምክር ቤት ሸማቹን ይጨምር

አምቦና በዙሪያዋ ያሉት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች በመንግሥት ዘንድ የሚታወቁት በትርፍ አምራችነት ነው። የደንዲ ጤፍ፣ የጀልዱ ድንች፣ የባኮ በቆሎ፣ የጉደር አትክልት ከዞኑ አልፎ አዲስ አበባን ይመግባል። ስሙ መልካም ቢሆንም ጦስ አለው። በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተነደፈው ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ላለባቸው ወረዳዎች ነበር፤ በ2009 ዓ.ም የከተማው ሴፍቲኔት ሲከተልም ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች መካከል ከኦሮሚያ የገባችው አዳማ ብቻ ነች። ዞኑ በትርፍ አምራችነት ከተመደበ በኋላ በአምቦ፣ በጊንጪ ወይም በጌዶ አንድ የቀን ሠራተኛ ቤተሰቡን ማብላት ቢያቅተው ችግሩ በቀላሉ ሪፖርት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የእነዚህ ከተሞች አስተዳደሮች ስለ ምግብ የሚያማክሯቸው ምክር ቤቶች እንዲያቋቁሙ፣ ከአባላቱም የሚበዙት ከመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ይልቅ ዘርተው የሚሸጡና ገዝተው የሚበሉ ሰዎች እንዲሆኑ እንጠይቃለን።

ምርት መትረፉ ሁሉም በልቶ ለማደሩ ዋስትና አይሆንም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ በ1965 ዓ.ም የወሎ ረሃብ ወቅት የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ መጠን ያን ያህል እንዳልቀነሰ፣ ሕዝቡን የፈጀው የመግዛት አቅም መሟጠጥ እንደነበር፣ እንዲያውም ከወሎ እህል ይወጣ እንደነበር አሳይቷል። የምዕራብ ሸዋ ሁኔታ ከዚያ እልቂት ጋር በምንም አይወዳደርም፤ ይሁን እንጂ እህል ሞልቶ መግዣ የሚጠፋበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። አዝመራው ተወቅቶ በጥርና በየካቲት ጤፍ ገበያውን ሲሞላ አቅም ያለው የዓመቱን ቀለብ በኩንታል ሸምቶ ያስቀምጣል። የዕለት ገቢ ያለው ግን በኪሎ ነው የሚገዛው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራ ሲራቆትና ዋጋ ሲሰቀል አሁንም ገበያ የሚወጣው እሱ ነው። መጀመሪያ ከሊጡ ጤፍ ተቀንሶ በቆሎ ይገባበታል፤ ቀጥሎ ወጡ ይቀጥናል፤ በመጨረሻም ቁርስ ወይም እራት ይዘለላል። እንዲህ ያለው ረሃብ አስከሬን ስለማያስቆጥር አዋጅ አያስነግርም፤ ጉዳቱ የሚታየው ልጆች ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል።

መንግሥት ችግሩን ዘንግቶታል አንልም። በ2007 ዓ.ም በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት ቃል ገብቷል፤ በ2011 ዓ.ም ደግሞ የምግብና የሥርዓተ ምግብ ፖሊሲ አጽድቋል። እስከ ወረዳ የሚወርዱ አስተባባሪ ኮሚቴዎችም ተዋቅረዋል። ነገር ግን በእነዚህ ኮሚቴዎች የሚሰበሰቡት በዋናነት የጤና፣ የግብርና፣ የትምህርትና መሰል ጽሕፈት ቤቶች ኃላፊዎች ናቸው። ግብርናው የታረሰውን ሄክታር፣ ጤናው የተመዘነውን ሕፃን ቆጥሮ ይመጣል። ድንች ከጀልዱ ማሳ ተነሥቶ አምቦ ጉልት እስኪደርስ ዋጋው ስንት እጥፍ እንደሚሆን፣ ልዩነቱም በማን ኪስ እንደሚገባ መጠየቅ የማንም መደበኛ ሥራ አይሆንም። የሆለታ የምርምር ማዕከል ጉደኔና በለጠ የተባሉትን የድንች ዝርያዎች፣ የባኮው ማዕከል ደግሞ የፕሮቲን ጥራቱ የተሻሻለ በቆሎ አበርክተዋል፤ ዝርያዎቹ ከማሳ አልፈው ድሃው ከተሜ ማዕድ መድረሳቸውን ተከታትሎ የሚናገር ግን ያስፈልጋል። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም እንዲሉ፣ ሁሉም ደመወዝተኛ በሆነበት ስብሰባ የነሐሴ ኑሮ ቢረሳ አይደንቅም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

የብራዚል ተሞክሮ ጥሩ ማሳያ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1993 ብሔራዊ የምግብ ዋስትና ምክር ቤት አቋቁማ በሁለት ዓመት ገደማ አፈረሰችው፤ በ2003 መልሳ ስታቋቁመው ከአባላቱ የሚበዙት ከመንግሥት ውጭ ያሉ ሰዎች ሆኑ። ምክር ቤቱ ከገፋቸው ሥራዎች አንዱ በ2009 የወጣው ሕግ ሲሆን፣ ለተማሪዎች ምገባ ከሚመደበው የፌዴራል ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከአነስተኛ ገበሬዎች ምርት እንዲገዛበት አስገደደ። የተማሪዎች ምገባ በተስፋፋበት በእኛም አገር ይህን መሰል ግዴታ ለጀልዱና ለቶኬ ኩታዬ ገበሬ የታወቀ ገዢ፣ ለተማሪው ትኩስ ምግብ ያስገኛል። ይኸው ምክር ቤት በ2019 በአዲሱ ፕሬዚዳንት የመጀመሪያ የሥራ ቀን ተሽሮ በ2023 መመለሱም ሌላ ትምህርት ይሰጣል፤ በሕግ የቆመው ከፈረሰ፣ በአንድ ሹም ደብዳቤ የቆመማ በሌላው ደብዳቤ መፍረሱ አይቀርም። የእኛዎቹ በየከተማው ምክር ቤት ደንብ መቋቋም ያለባቸው ለዚህ ነው።

ኮሚቴ ሰለቸን፣ ሌላ የውሎ አበል መብያ አትጨምሩብን የሚሉ ወገኖች እውነት አላቸው። መፍትሔው አበል የሌለበት፣ አጀንዳው የተወሰነ፣ ቃለ ጉባኤው በአደባባይ የሚለጠፍ ምክር ቤት ማቋቋም ነው። ክልሉ የቡሳ ጎኖፋን የመረዳዳት ባህል ወደ ተቋምነት አሳድጎታል፣ ሌላ ለምን ያስፈልጋል የሚልም ይኖራል። ቡሳ ጎኖፋ ለተቸገረ ይደርሳል፤ ማን እንደተቸገረ ቀድሞ የሚነግረው ካገኘ ደግሞ ሥራው ይቀልለታል። ነጋዴዎች ምክር ቤቱን ለጥቅማቸው ያውሉታል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ለጉልት ቸርቻሪዎች፣ ለሸማቾችና ለገበሬዎች ማኅበራት የሚሰጠው ወንበር ከጅምላ ነጋዴው መብለጥ አለበት። ከሁሉም የሚከብደው የጸጥታው ጉዳይ ነው። በግጭት ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ምክር ቤት አይከፍተውም፤ ሰላም ማስፈን የመንግሥትና የተፋላሚዎች ኃላፊነት ነው። ሆኖም መንገድ በተዘጋ ሳምንት ዋጋ የት እንደደረሰና የትኛው ሰፈር እንደተቸገረ ቶሎ መታወቁ በተለይ በእንዲህ ያለ ጊዜ ይጠቅማል።

ምክር ቤቱ የማዘዝ ሥልጣን አያስፈልገውም፤ መልስ የማግኘት መብት ግን የግድ ይኖረው። ምክረ ሐሳብ የቀረበለት ከንቲባ በ30 ቀናት ውስጥ መቀበሉን ወይም ያልተቀበለበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ደንቡ ያስገድድ። አምቦ ዩኒቨርሲቲ፣ ጉደር ላይ ባለው የግብርና ካምፓሱ በኩል፣ የጤፍ፣ የበቆሎ፣ የድንችና የዘይት ዋጋ በየወሩ መዝግቦ ለምክር ቤቱ ያቅርብ። ከተሞቹም የመጀመሪያውን ስብሰባ አዝመራው ገበያ በሚገባበት በጥር ያድርጉ፤ ለሐምሌና ለነሐሴ የሚሆን እህል በተመጣጣኝ ዋጋ በሸማቾች ማኅበራት በኩል ገዝቶ ማስቀመጥ የሚቻለው ያኔ ነውና።