እጁን ያነሳው ደስ ብሎት አይደለም

በዲፓርትመንታችን ልጆች ስልክ ላይ በየጊዜው ብቅ የምትል አንዲት አጭር ቪዲዮ አለች። ዓይኑ የፈጠጠ፣ ድመት የማያህል እንስሳ አልጋ ላይ በጀርባው ተንጋልሏል። አንድ ሰው ብብቱን ሲኮረኩረው ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ይዘረጋል። "ውይ ሲያምር!" ይባልና ወደሚቀጥለው ሰው ትላካለች። ሌላው ሰው ቢያደርገው አይገርመኝም፤ የባዮሎጂ ተማሪ ሲያደርገው ግን ያስተዛዝባል።

እንስሳው ስሎው ሎሪስ ይባላል፤ ኢንዶኔዥያውያን ኩካንግ ይሉታል። እንደ ጦጣና ዝንጀሮ ሁሉ ከፕራይሜቶች ወገን ነው፤ ቀን ተጠቅልሎ ይተኛና ሌሊት ይንቀሳቀሳል። ጭራው ከቁጥር አይገባም። መዝለል የሚባል ነገር አያውቅም፤ ቅርንጫፉን ጨብጦ፣ ቅጠል ሳያንኮሻኩሽ ቀስ እያለ ይሄዳል። አደጋ ካየም ባለበት ደርቆ ይቀራል።

እጅ ማንሳቱስ? በክንዱ የውስጥ በኩል፣ ክርኑ አካባቢ፣ አንዲት ዕጢ አለችው። ሲፈራ እጁን ከራሱ በላይ የሚያነሳው ዕጢዋን ወደ አፉ ለማቅረብ ነው። ከእሷ የሚወጣው ፈሳሽ ከምራቁ ጋር ሲቀላቀል መርዝ ይሆናል። የነከሰው ቁስል ቶሎ አይሽርም፤ ሰው ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ የአለርጂ ድንጋጤ ያስከተለበት ጊዜም አለ። ከፕራይሜቶች ሁሉ መርዘኛ መሆኑ የሚታወቀው የእሱ ወገን ብቻ ነው። እስቲ አሁን ቪዲዮውን መልሳችሁ እዩት። እንስሳው እየተጫወተ ሳይሆን "አትንካኝ" እያለ ነው።

"ታዲያ ለምን አይነክስም?" ትሉ ይሆናል። ለቤት ማሳደጊያ ከሚሸጡት የብዙዎቹ የፊት ጥርስ ገበያ ላይ በጥፍር መቁረጫ ወይም በፒንሳ ይቆረጣል፤ ማደንዘዣ የሚባል ነገር የለም። አፋቸው ያመረቅዛል፣ ብዙዎቹም በዚሁ ይሞታሉ። የተረፈውስ? ሎሪስ የዛፍ ቅርፊት በፊት ጥርሱ ፍቆ ሙጫ የሚበላ እንስሳ ነው። ጥርስ ከሌለው ሙጫ የለም፤ ሙጫ ከሌለ ደግሞ ዱር ውስጥ መኖር አይችልም። ስለዚህ ከነጋዴ እጅ ቢያዝ እንኳ ቀሪ ዕድሜውን በማገገሚያ ማዕከል አጥር ውስጥ ይጨርሳል።

አንድ ጓደኛዬ "ሰው ካላየው እንዴት ይወደዋል? ካልወደደውስ እንዴት ይጠብቀዋል?" ብሎ ተከራክሮኛል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ከእነዚህ ቪዲዮዎች በአንዱ ሥር የተጻፉ ከ12 ሺህ በላይ አስተያየቶችን የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት አለ። ተደጋግሞ ከተገኘው ሐሳብ አንዱ "እኔም አንድ በኖረኝ" የሚል ነበር። ይኸው ነው ፍቅሩ! ዓለም አቀፍ ንግዱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታግዷል፤ በኢንዶኔዥያ ሕግም መሸጡ ክልክል ነው፤ ገዢ እስካለ ግን አጥማጅ አይጠፋም። እናቲቱ ስድስት ወር ያህል አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ብቻ ነው። ሲያዝ ግን ከነልጇ ነው የሚያዘው።

በጣም የሚያሳስበው የጃቫው ዝርያ ነው። ከጃቫ ደሴት በቀር የትም የለም፤ ለመጥፋት እጅግ በጣም ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል። ደሴቲቱ ላይ ደግሞ ከ150 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖራል። "ደን ከልሎ መጠበቅ" የሚለው፣ ፈተና ላይ ሁላችንም የምንጽፈው መልስ፣ እዚያ ብቻውን የትም አያደርስም። በምዕራብ ጃቫ ቺፓጋንቲ በምትባል መንደር ተመራማሪዎች የሚከታተሏቸው ሎሪሶች የሚኖሩት ከገበሬው ማሳ ዳር በቀሩ ዛፎች ላይ ነው። ከዋና ምግባቸው አንዱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የአካሺያ ዲከረንስ ሙጫ! እኛ አዊ ውስጥ ተክለን ከሰል የምናደርገው ያው ዛፍ ነው።

ዛፎቹ በማሳ ሲቆራረጡ ዝላይ የማያውቅ እንስሳ ወደ መሬት ለመውረድ ይገደዳል፤ መሬት ላይ ውሻም ሰውም ያገኘዋል። ለዚህ የተገኘው ዘዴ ቀላል ነው። ከዛፍ ወደ ዛፍ የጎማ ቱቦ ይዘረጋል፤ አንዳንዱ መስመር ውሃ ስለሚያስተላልፍ ገበሬው ማሳውን ያጠጣበታል፤ ሎሪሱም ሌሊት ሌሊት ይሻገርበታል። በእኔ አመለካከት ከመቶ ፖስተር ይህ ይበልጣል፤ ገበሬው ቱቦውን የሚጠብቀው ለራሱም ስለሚጠቅመው ነው።

የዲፓርትመንታችን የተፈጥሮ ክበብ ለማስታወቂያ ሰሌዳው የሎሪስ ፎቶ ከፈለገም እንዲህ ያለውን ይለጥፍ። ሰው አጠገቡ የለም፣ ጨለማ ነው፣ ቱቦው ላይ በአራቱም ተጣብቆ ወደ ማዶ እየሄደ ነው። ፊቱ በደንብ ላይታይ ይችላል፤ አይታይ።