መጽሐፉ ያው፣ ፈትዋው ሌላ!

ለመሆኑ ቁርአን ውስጥ "ሴት መኪና አትንዳ" የሚል አንቀጽ አለ? የለም። ታዲያ የሳዑዲ ሴት መሪ እንዳትጨብጥ ያን ሁሉ ዘመን የተከለከለችው በማን ቃል ነው?

ነገሩ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1990 አርባ ሰባት ሴቶች ሪያድ ከተማ ውስጥ መኪና ነዱ። ወዲያው ተያዙ፤ ፓስፖርታቸው ተነጠቀ፤ ከሥራ የታገዱም ነበሩ። ሼኽ ኢብን ባዝም የሴት መንዳት ወደ ብልሹ ነገር ያደርሳልና ክልክል ነው የሚል ፈትዋ ሰጡ። አለቀ፣ ደቀቀ!

በሴፕቴምበር 2017 ንጉሥ ሰልማን "ይንዱ" ብለው አዘዙ። ያኔ ምን ተሰማ መሰላችሁ? ከታላላቅ ዑለማ ምክር ቤት አብዛኞቹ አባላት በሸሪዓ የሚከለክል ነገር አላየንም አሉ! አይ ጉድ! ከቁርአኑ አንዲት ፊደል አልተነካችም። የተለወጠው የቤተ መንግሥቱ ፍላጎት ነው። ይባስ ብሎ እገዳው በጁን 2018 ሊነሳ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ለዚሁ መብት ሲጮኹ የኖሩ ሴቶች እስር ቤት ገቡ። ንጉሥ ሲሰጥ ጽድቅ፣ ሴት ስትጠይቅ ወንጀል!

"ታዲያ የአላህ ቃል ከዘመን ጋር ይለዋወጥ ልትል ነው?" የሚለኝ አይጠፋም። አላልኩም ጌታዬ! ቃሉ ያው ነው፤ ሰው ከቃሉ የሚረዳው ግን ኑሮውን እያየ ነው። ይሄ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ኸሊፋ ዑመር የሌባ እጅ ይቆረጥ የሚለው አንቀጽ ፊታቸው እያለ፣ በረሃቡ ዓመት ቅጣቱን አላስፈጸሙም። ርቦት የሰረቀና ጠግቦ የሰረቀ አንድ አይደሉማ! በአገራችን ብዙ ሙስሊም መዝሀባቸውን የሚከተላቸው ኢማም ሻፊዒም ከኢራቅ ወጥተው ግብፅ ሲገቡ ብዙ ብይናቸውን ከልሰዋል። "የድሮው" እና "አዲሱ" እየተባለ እስከ ዛሬ ይጠናል። ሐሳብ መለወጥ አላሳፈራቸውም።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ዑመር ሥልጣን በእጃቸው ሳለ ያዩት የተራበውን ሰው ነው። የሪያዶቹ ግን የንጉሡን ፊት ነው ያዩት። ፈትዋ ሰጪ ሁሉ "እኔ እንዲህ ተረድቻለሁ" ቢል ማን ይቀየመዋል? ዑለማ ከብይናቸው መጨረሻ "አላሁ አዕለም"፣ አላህ ያውቃል፣ የሚሉት ለጌጥ ነው እንዴ? የአገርን ልማድና የገዢን ትእዛዝ በአላህ ስም ማኅተም መምታት ግን ይብቃ!

ያ ከ27 ዓመት በላይ የሰው ዕድሜ ነበር። አሁን "ሐራም አልነበረም" ተባለ። ዕድሜያቸውን ማን ይመልስላቸው?